የአናጢው ቤት ባቄላ

ባለ ወፍጮው እህልን በእጁ ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ጆንያ ውስጥ እጁን ቢከት የማን ቤት ስንዴ እንደሆነ ይናገራል። የመምህሩ ሚስት ስንዴ ጠጠር አያጣም፤ መልቀም ይሰለቻታል። የላይኛው ሰፈር ገብስ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ አውድማቸው ወንዝ ዳር ነው። የባልቴቷ በቆሎ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የጎተራዋ ክዳን ከተቀደደ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ የሚጠግንላት የለም። ይህን ሁሉ ያወቀው የሰው ጓዳ ማየት ስለሚወድ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ መንደር እህል በመዳፉ ላይ ሲያልፍ ኖሯል።

ወፍጮ ቤቱ ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት እርምጃ የሆነ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሞተሩ ጥግ ላይ በሲሚንቶ ታስሯል። ቺንጋው ሁለት ቦታ ተሰፍቷል። በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን ያጠፋና የላይኛውን ድንጋይ ገልብጦ በመዶሻና በመሮ ይወቅረዋል፤ ፍንጣሪው ግንባሩ ላይ ጥቃቅን ጠባሳ ትቶበታል። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነው። "ዱቄቱ" ይሉታል። አንድ ጊዜ ተጣጥቦ ለቅሶ ቢሄድ ሰዉ ሰላም ሳይለው አለፈ። ኋላ ላይ "ይቅርታ፣ ራቁትህን ሆነህ አላወቅንህም" ብለው ሳቁበት።

ወንዶች ወፍጮ ቤት አይመጡም። ጆንያውን አህያ ላይ ጭነው ይሰዳሉ እንጂ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ በሹክሹክታ ማውራት አይቻልም። ምስጢር በጩኸት የሚወራበት ቦታ ቢኖር ወፍጮ ቤት ነው። አንዷ ለሌላዋ ጆሮ ላይ ተለጥፋ "ትናንትና ደግሞ በቀበቶ!" ብላ ስትጮህ እሱ የወፍጮውን አፍ በእንጨት እየጎረጎረ ያልሰማ ይመስላል። ሴቶቹ ደንቆሯል ብለው ያምናሉ። እሱም ደንቁሬያለሁ ይላቸዋል። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ።

ከዚያ የጤና ሠራተኛዋ መጣች። ከከተማ በወር አንድ ጊዜ የምትመጣ፣ ትልቅ ቦርሳ የምታነግት፣ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚደርስ ጥቃት እንዲቀር መንደሩ ራሱ ይወያይ፣ ውይይቱን የሚመሩ ሰዎችም ራሱ ይምረጥ አለች። ሁለት ሽማግሌዎች፣ መምህሩና ባለ ወፍጮው ተመረጡ። ባለ ወፍጮውን የመረጡት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹም አልተቃወሙም፤ "ዱቄቱ ምን ያደርጋል፣ አይሰማ" አሉ።

የመጀመሪያው ውይይት በትምህርት ቤቱ ትልቅ ክፍል ተደረገ። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ፣ "በዚህ መንደር ሴት ትመታለች?" ብላ ጠየቀች።



"እዚህ መንደር የሚመታው ከበሮ ብቻ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹም ሳቁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሚስት የታችኛው ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ በአንድ ጎኗ ብቻ፣ እየተጠነቀቀች ትስቅ ነበር። ባለ ወፍጮው አያት። ልጅቷ ሴቶቹን ተራ በተራ ጠየቀች። ሁሉም "እኛ ሰላም ነን፣ እግዜር ይመስገን" አሉ። በሁለተኛው ወርም "ሰላም ነን" አሉ። በሦስተኛው ወር ልጅቷ ቦርሳዋን እየዘጋች ለባለ ወፍጮው፣

"ጋሼ፣ እንግዲህ ምንም ከሌለ ሌላ መንደር ልሂድ" አለችው።

"አለ" አላት።

"ምን አለ?"

"አንድ ወር ስጪኝ።"

ፍሬ የመጣሉን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ባለ ወፍጮው ነው። ብዙዎቹ ሴቶች አይጽፉም። ስለዚህ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ክዳን ላይ በመሮ ቀዳዳ አወጣና ከጆንያው ክምር ጀርባ፣ ከእሱም ዓይን ከበርም በማይታይ ቦታ አስቀመጠው። በወሩ ውስጥ እጅ ያልተነሳባት አንድ አተር ትጣል፤ የተነሳባት አንድ ባቄላ። ስም የለ፣ ፊርማ የለ። ሴቶቹ እህል ይዘው ሲመጡ ፍሬዋን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያምጡ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ መምህሩ፣ "ፍሬውን አንተ ብታድላቸው አይሻልም?" ብሎ ጠይቆ ነበር።

"ከእጄ ከወሰዱማ ማን ምን እንዳነሳች አያለሁ" አለ ባለ ወፍጮው። "ከቤቷ ካመጣች ማንም አያይም።"

ሁሉም ልክ ነው አሉ። ልጅቷ እንዲያውም አጨበጨበች። እህልን በእጁ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሲናገር አንድም ነገር ትዝ አላለውም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ በሩ ላይ ጆንያ አነጠፈና ቆርቆሮውን ገለበጠ። ቆጠረ። አርባ አራት አተር፣ ሠላሳ አንድ ባቄላ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። ጩኸቱን ሲሰማው የኖረ ሰው ቢሆንም፣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲያየው ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ።

ከሠላሳ አንዱ መካከል አንዷ ደቃቅ ናት፤ ጥቁር፣ በጎኗ ነጭ ጭረት ያላት። እንዲህ ያለ ባቄላ በመንደሩ ውስጥ ያለው በአንድ ጓሮ ነው። የአናጢው ሚስት ስትዳር ከወላጆቿ አገር አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታ ዘራችው። በየዓመቱ ከሱ ላይ ትዘራለች። ሲፈጭ ዱቄቱ ራሱ ግራጫ ስለሚሆን የሌላ ሰው እህል ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን መጥረግ አለበት፤ በዚህ ሁሌም ይቀልድባት ነበር፤ "አንቺ ሴት፣ ይኼ አመድሽን ዛሬም አመጣሽው?"

ፍሬዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ። ጉልበቱ አጠገብ ጆንያ ሙሉ ተራ ባቄላ ነበር። አንድ ፍሬ ከዚያ አንስቶ ቢለውጣት ማን ያውቅ ነበር? ግን ሰው ያመነውን መነካካት ማጭበርበር መሰለው። ደግሞም ኩራት አለ። እህልን እንዲህ የሚለይ ከእሱ በቀር በመንደሩ ያለ አልመሰለውም። መልሶ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላት።

በነጋታው ክፍሉ ሞላ። ልጅቷ ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። አርባ አራት። ሠላሳ አንድ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቅ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ፣

"ዱቄቱ! ከጆንያ እየዘገንክ ጨምረህበት እንዳይሆን!" አለ።

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? ወፍጮ ቤትህ ወለሉ ሁሉ ባቄላ አይደል እንዴ! አይጦቹም ሳይጥሉ አይቀሩም።"

"የአይጦቹንም ሚስቶች ይመቷቸዋል ማለት ነው" አለ ሌላው፤ ሳቁ ተመለሰ።

የባለ ወፍጮው ጆሮ ጋለ። በሰው እህል ላይ አንድ ፍሬ ጨምሮም ቀንሶም አያውቅም። ቆርቆሮውን ከአግዳሚው ስር ጎትቶ አወጣና ባንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

"ይኸው! ኑና እዩ! ከጆንያ የወደቀ እህል እንዲህ ተለቅሞ ያበራል? እያንዳንዷ በመቀነት ተቋጥራ የመጣች ናት!"

ወንዶቹ ተነሥተው ከበቡት። አናጢው ከመካከላቸው ነበር። የተከበረ ሰው ነው። የተቀመጡባቸውን አግዳሚዎች ሁሉ እሱ ነው የሠራቸው፤ ጎንበስ ብሎ የሚናገር፣ ታላላቆቹን ሁሉ "እርስዎ" የሚል፣ ድምፁ ከፍ ሲል የሰማው የለም። እጁን በሰዎቹ ትከሻ መካከል አሳልፎ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍሬዎች በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገና ያቺን ጥቁር ባቄላ አነሳት።

"ይቺማ ቤቴ ያደገች ናት" አለ ፈገግ ብሎ።

አፈፍ አድርጎ ወደ ደረት ኪሱ ከተታት። ከዚያ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ስለነበር አላየችም። የአናጢው ሚስት በሴቶቹ በኩል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር። ባሏን አላየችም። ባለ ወፍጮውን ነበር የምታየው፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

ባለ ወፍጮው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ታጥፍ ነበር።

"ትናንት አይተሃት ነበር?" አለችው።

"አይቻታለሁ።"

"የማን እንደሆነችም አውቀሃል?"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ እጅህ ተሰብሮ ነበር?"

 ያጠፈችውን ልብስ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

በነጋታው ወደ አናጢው መሥሪያ ቤት ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ከመኖሪያው ጋር አንድ ግቢ ነው። የመላጊያው ፍቅፋቂ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። አናጢው ብድግ ብሎ የበርጩማውን አቧራ ጠረገለት። "ይቀመጡ ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አለ። ሚስቱን ጠርቶ ውሃ አስመጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበች። ፊቷ ደህና ነው። እጇ ደህና ነው።

"የትናንትናው ነገር..." ብሎ ጀመረ ባለ ወፍጮው።

"ኧረ ጋሼ! ጨዋታ ነው እኮ። እርስዎ ለመንደሩ በጎ አስበው ነው። እኔ የምቀየም ሰው ነኝ?"

ቀሎት ተመለሰ። በመንገድ ላይ ለሚስቱ የሚነግራትን እያዘጋጀ ነበር።

በአራተኛው ቀን የአናጢውን ቤት እህል ይዛ የመጣችው ትንሿ ልጁ ናት። ጆንያው ከቁመቷ ይበልጣል፤ እየጎተተች ነው ያስገባችው።

"እናትሽስ?"

"አሟታል።"

"ምኗን?"

"በር እጇን ያዛት።" ልጅቷ ይህን ስትል የምትናገረው ለጆንያው ነበር።

ሞተሩን አጠፋ። ተራ የያዙት ሴቶች "ምነው?" ሲሉ አልመለሰም፤ ዱቄቱን ሳያራግፍ ወጣ። አናጢው ግቢ ሲደርስ ወጌሻው እየወጣ ነበር። ወጌሻው ዕድሜ የተጫነው፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው፤ የመንደሩን የተሰበረ ሁሉ የሚያስረው እሱ ነው።

"ምን ሆነች?" አለው።

"የቀኝ እጇ ጣቶች። አራቱ። ስድስት ሳምንት ይፈልጋል።"

"በር ነው ይላሉ።"

ወጌሻው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ግቢውን አየ። "በር አንድ ላይ ነው የሚይዝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ በአንድ አይሰብርም። እኔ ግን አጥንት ነው የማየው። ሌላ አላየሁም፤ አላልኩህምም።" መንገዱን ቀጠለ።

አናጢው ቤት አልነበረም፤ እንጨት ሊገዛ ሄዷል። ሴቲቱ ግድግዳ ተደግፋ፣ የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ባለ ወፍጮው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"እግዜር ይማርሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ባቄላ ማምጣት እንዳለብሽ ማሰብ ነበረብኝ፤ ለሁላችሁም መናገር ነበረብኝ..."

"ሌላ ባቄላ አጥቼ መሰለዎት?" አለችው።

"እ?"

"ጓዳዬ ውስጥ ሌላ ባቄላ ሞልቷል ጋሼ። እሷን የጣልኩት አውቄ ነው። እህል የሚያውቅ እርስዎ ነዎት፤ የሚቆጥረውም እርስዎ ነዎት። ደንቁሬያለሁ ይላሉ፤ አልደነቆሩም፣ አውቃለሁ። አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው። ለእርስዎ ነበር የላክኋት።"

ባለ ወፍጮው ዱቄት የለበሱትን እጆቹን አየ።

"እርስዎ ግን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፏት" አለች። አልጮኸችም። ከዚያ እግሯን ሰብስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወሬው እስከ ማታ ተዳረሰ። የጤና ሠራተኛዋ ሰምታ ያለ ቀኗ መጣችና "እንክሰሰው፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለቻት። ሴቲቱ "ፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ ስሄድ ልጄ ከማን ጋር ታድራለች?" አለች። የጤና ሠራተኛዋ አልቅሳ ተመለሰች።

ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወፍጮ ቤት መጡ። ወፍጮ ቤቱን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ቆሙ።

"ነገሩ እንዲበርድ ከአንተ አንድ ቃል ነው የምንፈልገው" አለ አንጋፋው። "ነገ ስንቀመጥ ባቄላዋ ከጆንያ የተንጠባጠበች ናት በል። እሱም 'ያለ ጥፋቷ መታኋት' ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል። ይታረቃሉ፤ አለቀ።"

"ጥፋቷ ምን ነበር?"

"መናገሯ ነዋ!"

"ካልተናገረች ጥፋት የለባትም፤ ከተናገረች ግን ጣቷ ይሰበር ማለታችሁ ነው?"

"አቦ አንተ ደግሞ! ዱቄት ስትፈጭ ኖረህ ዛሬ ቃላት መፍጨት ጀመርክ? ቤት እናድን ነው የምንልህ።"

ባለ ወፍጮው ያን ቀን ብዙ አሰበበት። ቢዋሽ ሰላሙ ለጥቂት ጊዜ ይሆናል፤ ምናልባትም እስከ ክረምት። ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ያቺ አንዲት ባቄላ ከጆንያ የወደቀች ከሆነች፣ ሠላሳዎቹም ከጆንያ የወደቁ ናቸው። ያ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውዬ ያለው ሁሉ እውነት ይሆናል። ደግሞ እሷ የላከችለትን መልእክት አልደረሰኝም ብሎ ሁለተኛ መካድ ነው።

በማግሥቱ በዚያው በትምህርት ቤቱ ክፍል ተቀመጡ። አናጢው ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ፣ ሚስቱ ከሱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ። ሽማግሌው ባለ ወፍጮውን "እስቲ አስረዳን" አለው።

ተነሣ። 

"ባቄላዋ የሷ ናት" አለ። "ከስብሰባው በፊት አይቼ አውቄያታለሁ። ስታውቅ ምን አደረግህ ብትሉኝ ምንም። እጇን የሰበረው በር አይደለም። በበሩ ላይ ሐሰት አልናገርም።"

 አናጢው አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣ።

"ጋሼ እንዳሉት ይሁን" አለ። "ካልተመቻት ትሂድ፤ በሩ ክፍት ነው። አልይዛትም። ልጄ ግን የእኔ ናት፤ እኔ ቤት ትቀራለች።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንጋፋው፣ "ይህማ አግባብ ነው። ልጅ የአባቷ ናት" አለ።

ባለ ወፍጮው "እኔ ቤት ይምጡ፣ ሁለቱም" ለማለት አፉን ከፈተ፤ ግን ሴቲቱ ቀደመችው። ብድግ ብላ ነጠላዋን በግራ እጇ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ከባሏ ቀድማ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ልጇ ያለችው እዚያ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ እህላቸውን ወደ ማዶው ወፍጮ ይሰዱ ጀመር። ማዶው ወፍጮ ለመድረስ ወንዝ መሻገር አለ፤ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ባለ ወፍጮውን ለመቅጣት ነበር፤ የሚሸከሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። ሞተሩ በቀን አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይጠፋል። በዚያ ጸጥታ ባለ ወፍጮው ሥራ አጥቶ መቀመጥ አልቻለም፤ ከሰዓት በኋላ በርጩማውን ይዞ አናጢው መሥሪያ ቤት ሄዶ መቀመጥ ጀመረ።

"ምን ልታዘዝ ጋሼ?" አለው አናጢው በመጀመሪያው ቀን።

"ምንም። ተቀምጫለሁ።"

"ሥራ የለዎትም?"

"አሳጣችሁኝ እኮ።"

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ተቀመጠ። አናጢው ይልጋል፣ ባለ ወፍጮው ያየዋል። ሲመሻሽ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ሴቲቱ አጥሩ ጥግ ቆማ ጠበቀችው።

"ደከሙ ጋሼ" አለችው። "ቀን ቀንማ እሱም ይሠራል፤ እጁ ሥራ ይዟል። ማታስ?"

ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ይህንኑ ነገራት። ሚስቱ ትንሽ አሰበችና ሳጥኑን ከፍታ አንድ ብርድ ልብስ አወጣች።

"የት ነው?"

"የታመመ ሰው ላስታምም።"

"ያስገባሻል ብለሽ ነው?"

"አስታማሚ የሚያባርር ሰው እስካሁን አላየሁም" አለች። "ሰው ምን ይለኛል የሚል ሰው ነው፤ ለዚሁ እንኳ ይጥቀመን። እጇ ታስሯል፤ አታቦካ፣ አታጥብ። እኔ ሄጄ ላግዛት ብል ማን ነው የሚከለክለኝ? አንተ እዚያ በርጩማህ ላይ ስትቀመጥ ነገር ፈላጊ ትመስላለህ። እኔ ዝም ብዬ ድስት ነው የማጥበው።"

ያን ዕለት እዚያው አደረች፤ ከልጅቷ ጋር፣ በእናትየዋ አልጋ ግርጌ። አናጢው ጠዋት ላይ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አለፋንዎ" አላት። በነጋታው ማታ የመምህሩ ሚስት መጣች። ከዚያ ባልቴቷ። ከዚያ ያቺ ከንፈሯ የተሰነጠቀው። ማን አተር እንደጣለች፣ ማን ባቄላ እንደጣለች እርስ በርስ አልተጠያየቁም። ከማዶው ወፍጮ ዱቄት አዝለው ደክሟቸው ይመለሳሉ፤ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ተራቸውን ይሄዳሉ። ባሎቻቸው ቢያጉረመርሙም "የታመመ አትጠይቂ" ማለት ነውር ሆነባቸው። የዚያች ከንፈሯ የተሰነጠቀው ሴት ባል ብቻ አንድ ቀን "እኔስ ተራዬ ደርሶ የምታመመው መቼ ነው?" ብሎ ቀለደ፤ የሳቀለት አልነበረም።

አንድም ማታ ሳይቀር እየተፈራረቁ፣ እጇ ከታሰረ ስድስት ሳምንት ሞላ። ሴቶቹ ማደር ከጀመሩ ወዲህ በዚያ ቤት እጅ አልተነሣም። ግን ሁሉም ቀን ይቆጥር ነበር። ሴቶቹ ይቆጥራሉ። አናጢውም ይቆጥራል። እጇ ከዳነ አስታማሚ የለም። አንድ ቀን መላጊያውን እያጸዳ ለባለ ወፍጮው፣

"ማክሰኞ ይፈታል አይደል?" አለው፤ ያችኑ ፈገግታውን ፈገግ ብሎ። "ቤቴ እንግዳ በዛበት ጋሼ። ማክሰኞ በሬን እዘጋለሁ።"

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ወጌሻው መጣ። ባለ ወፍጮው አጥሩ ጥግ ቆሞ ቀረ፤ ሚስቱ ግን አብራ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ያያል። ወጌሻው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእጇን ጨርቅ ፈታ፤ ቀጫጭን እንጨቶቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደረ። ጣቶቿ ቀጥነው፣ ነጥተው፣ ወደ ውስጥ ጠመም ብለው ነበር። እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ፤ የሆነ ነገር ነገራት፣ የሆነ ነገር መለሰችለት።

አናጢው መላጊያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። "ዳነች አባባ?"

 ወጌሻው ከኪሱ አዲስ ጨርቅ አወጣ።

"ገና ነው" አለ።

"ስድስት ሳምንት ብለው አልነበረም?"

"ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ዕድሜውን ሙሉ አጥንት ሲያስር ተሳስቻለሁ ያለበትን ቀን መንደሩ አያስታውስም። አናጢው አንድ እርምጃ ገባ።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል ታዲያ?"

"እሱን አጥንቱ ነው የሚያውቀው። አጥንት አይቸኩልም።" እንጨቶቹን ከመሬት አንስቶ በየጣቷ ላይ መልሶ አስተካከለ፤ ከበፊቱ አጥብቆ አሰረ። "ውሃ አይንካት። ብቻዋን አትደር፤ ተኝታ እንዳትጫነው የሚያያት ሰው ይኑር።"

የባለ ወፍጮው ሚስት ቀና ሳትል ብርድ ልብሷን አልጋው ግርጌ ዘረጋች። አናጢው ቆሞ ቆሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። መላጊያው እንደገና ሲጮህ ተሰማ፤ በፊት እንዲህ በኃይል ልጎ አያውቅም።

ወጌሻው ከግቢው ወጣ። ባለ ወፍጮው እስከ መንገዱ ሸኘው።

"በእውነት አልዳነም?"

"ድኗል። ከዳነ ሳምንት ሆኖታል" አለ ወጌሻው፣ እየሄደ፣ ሳያየው። "ከእንግዲህ ታስሮ ከቆየ ግን ጣቶቹ አይዘረጉም። መርፌም አትይዝበት፣ የልጇንም ፀጉር አትጎነጉንበት።"

ባለ ወፍጮው ቆመ። "ታውቃለች?"

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"እሰረው አለችኝ።"